ዌኪዋ ስፕሪንግስ፦ ቤተሰብ ይዞ ወደ ፍሎሪዳ ምንጭ ለሚሄድ ሰው

ኦርላንዶ ለዕረፍት የሚመጣ ቤተሰብ ገንዘቡን ዲዝኒ ላይ ጨርሶ ሲያበቃ፣ ከመሀል ከተማው በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን፣ መኪና ሙሉ ሰው በ6 ዶላር የሚገባበት ምንጭ እንዳለ ይሰማል። የሚሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ያ ቀን ደግሞ ቅዳሜ ይሆናል። ልጆቹ አርፍደው ይነሣሉ፣ ምግቡ እስኪቋጠር ረፋዱ ያልፋል፣ እኩለ ቀን ላይ ሲደርሱ ፓርኩ ሞልቷል ይባላሉ። ዌኪዋ ስፕሪንግስ ስቴት ፓርክ ድረስ ሄዶ ሳይገቡ መመለስ እጅግ የተለመደ ነገር ስለሆነ፣ ከውኃው በፊት ስለ በሩ መናገር ይሻላል።

በሩ

ፓርኩ የሚገኘው አፖፕካ በምትባለው ከተማ ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ በበዓልም ቀን፣ ከጠዋቱ 8 ሰዓት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ክፍት ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ግን «በሩ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል» ብለው ይንገሯቸው፤ «ስምንት ሰዓት» ካሏቸው ምሳቸውን በልተው ነው የሚነሡት።

መግቢያው ከ2 እስከ 8 ሰው ለያዘ መኪና 6 ዶላር፣ ብቻውን ለሚመጣ አሽከርካሪ 4 ዶላር፣ በእግር ወይም በብስክሌት ለሚገባ 2 ዶላር ነው። ዋጋውም የመግቢያው ሥርዓትም ሊለወጥ ስለሚችል ከመሄድዎ በፊት ባለው ማታ የፍሎሪዳ ስቴት ፓርኮችን ድረ ገጽ ማየት ያስፈልጋል፤ ምንጩ በማንኛውም ምክንያት ለዋና ከተዘጋም ማስታወቂያው የሚወጣው እዚያ ነው።

የፓርኩን አቅም የሚወስነው ውኃው ሳይሆን የመኪና ማቆሚያው ነው። ማቆሚያው ሲሞላ በሩ ይዘጋል፤ እንደገና የሚከፈተው በቂ መኪና ሲወጣ ነው፤ ጠዋት የገባ ሰው ደግሞ ከምሳ በፊት አይወጣም። ስለዚህ በአሜሪካ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ቅዳሜና እሑድ 10 ሰዓት ላይ ደርሶ በሩ ተዘግቶ ያገኘ ሰው፣ «ትንሽ ቆይቼ እገባለሁ» ብሎ መንገድ ዳር ቢጠብቅ የሚያገኘው ነገር የለም። ቅዳሜ ከሆነ፣ ቀድሞ ቦታ ማስያዝ ያስፈልግ እንደሆነ በድረ ገጹ አረጋግጦ፣ ከ7፡30 ጀምሮ በር ላይ መሆን ነው። ሜሞሪያል ዴይ፣ ጁላይ 4 እና ሌበር ዴይ ላይ ግን እኔ አልመክርም፤ ቢገቡም እንኳ ውኃው ውስጥ እግር ማሳረፊያ አይገኝም። ሁለት መኪና ይዞ መምጣትም ከክፍያው በላይ ጣጣ አለው፤ አንደኛው መኪና ገብቶ ሁለተኛው በር ላይ ሊቀር ይችላል፣ ምግቡም ዘወትር የቀረው መኪና ውስጥ ነው።

እንደ ሜሪላንድ ካለ ግዛት ልጆች ይዞ ለሚመጣ ሰው አንድ ጥሩ አጋጣሚ አለ። የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ኦገስት 10 ገደማ ይከፈታሉ፤ የሜሪላንድ ልጆች ግን እስከ ኦገስት መጨረሻ ቤት ናቸው። በዚህ መሀል ያሉት ሁለት ሳምንታት፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከዓመቱ ሁሉ የተሻሉ ናቸው፦ ሙቀቱ ያው ነው፣ ሰው ግን ይቀንሳል። ወቅቱ ከፍልሰታ ጾም ጋር ስለሚገጥም ምግቡም ይቀላል፤ ስለዚህ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መንገዱ ቀላል ነው፦ ከኢንተርስቴት 4 በኤግዚት 94 ወጥቶ፣ በስቴት ሮድ 434 ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ ዌኪዋ ስፕሪንግስ ሮድ። ሰው የሚሳሳተው ስሙ ላይ ነው። ምንጩ «ዌኪዋ» ሲባል ወንዙ «ዌኪቫ» ይባላል፤ ሁለቱም ክሪክ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ቋንቋ የመጡ ናቸው፣ አንዱ ምንጭን ሌላው የሚፈስ ውኃን ያመለክታል ይባላል። ጂፒኤስ ላይ በአንድ ፊደል ከተሳሳቱ ወንዝ ዳር ወዳለ የግል መዝናኛ ወይም ወደ አንድ የመኖሪያ ሰፈር ይወስድዎታል። የፓርኩን ሙሉ ስም ጽፎ «ስቴት ፓርክ» የሚለውን መጨመር ነው። በአውቶቡስ መድረስ አይታሰብም።

ውኃው

«ምንጭ ፓርክ» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ሶደሬን ወይም ወንዶ ገነትን ነው። ይህ ፍል ውኃ አይደለም። ዌኪዋ ክረምትም በጋም 72 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 22 ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ከዚያ አይወጣም፣ ከዚያም አይወርድም። ምክንያቱ ከመሬት በታች ነው፦ ዝናቡ በአሸዋው አልፎ የኖራ ድንጋዩን እየበላ በቦረቦራቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ይጠራቀማል፣ ለዓመታት፣ አንዳንዱም ለአሥርት ዓመታት እዚያው ይቆያል፣ በዚያ ጥልቀት ያለው አለት ደግሞ የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ይዞ ይኖራል። ከዚያ ግፊቱ በስንጥቅ አድርጎ ወደ ላይ ይገፋዋል። ዌኪዋ ላይ በቀን 42 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ይወጣል፤ ወደ 160 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው። ውኃው በየሰዓቱ ስለሚታደስ ክሎሪን አያስፈልገውም፣ ዓይንም አያቃጥልም።

22 ዲግሪ አየር ሲሆን ደስ ይላል፤ ውኃ ሲሆን ግን ይበርዳል። ውኃ የሰውነትን ሙቀት የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው። አዋቂ ሰው ከገባ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይለምደዋል። ቀጭን ልጅ ግን በ20 እና በ30 ደቂቃ መካከል ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ «አልበረደኝም» ማለቱን ግን አይተውም። የሚያሳስበው የሚንቀጠቀጠው ልጅ ሳይሆን ዝም ያለው ነው። በየግማሽ ሰዓቱ አውጥቶ፣ አድርቆ፣ ለ15 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው። እጅጌ ረጅም የዋና ሸሚዝ ማልበስ ብርዱንም ፀሐዩንም ይቀንሳል።

በጃንዋሪ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ 45 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን ከውኃው እንፋሎት ይነሣል፣ ሲገቡ ለብ ያለ ይመስላል። ችግሩ መውጫው ላይ ነው። ፎጣ አይበቃም፤ ጋቢ ነው የሚያስፈልገው። ጋቢ ሰውነትን ሙሉ ይሸፍናል፣ ከሥሩም ልብስ መቀየር ይቻላል፣ ለልጅም ለአረጋዊም ከፎጣ ይሻላል። ውኃው ዳር ሳይሆን ራቅ አድርጎ፣ ደረቅ ከረጢት ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ የረጠበ ጋቢ ሲሸከሙት ልጅ እንደማዘል ነው።

ውኃው እንደ መስታወት የጠራ መሆኑ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ፣ ከላይ ቁልቁል ሲያዩት ጥልቀቱ ከእውነተኛው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ሆኖ ይታያል። 8 ጫማ የሆነው 6 ጫማ ይመስላል። «እዚህ ጋ እቆማለሁ» ብሎ የገባ፣ ዋና የማያውቅ ሰው እግሩ መሬት አያገኝም። የመዋኛው አብዛኛው ክፍል ለትልቅ ሰው ከወገብ እስከ ደረት ነው፤ ውኃው ከሚፈልቅበት ስንጥቅ ዙሪያ ግን ድንገት ይጎደጉዳል። እዚያ ያለው ድንጋይ ስለታም ነው፣ አንዳንዱም በአረንጓዴ አልጌ የተሸፈነ ስለሆነ ያንሸራትታል። በመዋኛ መነጽር ከላይ ሆኖ ማየት በጣም ያምራል፤ ጠልቆ ወደ ስንጥቁ ለመግባት መሞከር ግን ክልክል ነው፣ አደገኛም ነው።

ለእግር፣ ከቁርጭምጭሚት የሚያጣብቅ የውኃ ጫማ። ስሊፐር በመጀመሪያው ደቂቃ ይወልቅና ተንሳፍፎ ይሄዳል። ወደ ምንጩ የሚወስደው ሜዳ ቁልቁለት ነው፣ ሣሩም ከብዙ ሰው እግር ስለሚረጥብ ያዳልጣል፤ ጉልበቷ የሚያማትን እናት በተነጠፈው መንገድ እንጂ በሣሩ ላይ አያውርዷት። ወደ ውኃው የሚያስገባ ደረጃ ስላለ ዋና የማይፈልግ ሰው እዚያው ተቀምጦ እግሩን ነክሮ ሊውል ይችላል። ነጠላና የጥጥ ቀሚስ ለዳር እንጂ ለውስጥ አይሆንም፤ ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እግር ላይም ይጠመጠማል። ሸፈን ብሎ መግባት የሚፈልግ ከራስ እስከ እግር ከሚሸፍነው የዋና ልብስ አንዱን ይግዛ፤ ማንም አያይዎትም፣ ማንም አይከለክልዎትም።

ልጅ የሚያየው ማነው?

እዚህ ሕይወት አዳኝ ሠራተኛ የለም። ይህን ከሁሉ በላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰው የሆቴል መዋኛ ገንዳ ሕግ ለምዶ ይመጣና ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጠባቂ ያለ ይመስለዋል።

በእኛ ስብስብ ደግሞ አንድ የተለየ ችግር አለ። አሥር ትልቅ ሰው ባለበት ልጅ የሚያይ አንድም ሰው አይኖርም፤ ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል፣ ወሬውም ይጥማል። የሚሠራው መንገድ ተራ ማውጣት ነው። አንድ ሰው 15 ወይም 20 ደቂቃ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ ቡና ሳይጠጣ፣ ውኃው ዳር ቆሞ ልጆቹን ብቻ ያያል፤ ከዚያ ስም ጠርቶ «አሁን ያንተ ተራ ነው» ብሎ ያስረክባል። «እንድታያቸው» ብሎ በጅምላ መናገር ርክክብ አይደለም። ዋና የማይችል ልጅ ውኃ ውስጥ ካለ ደግሞ፣ የሚጠብቀው ሰው ዳር ሳይሆን እጁ በሚደርስበት ርቀት፣ ከልጁ ጋር ውኃ ውስጥ ነው መሆን ያለበት።

በክንድ ላይ የሚነፋ ፕላስቲክና የዳክዬ ቀለበት መጫወቻ ናቸው፤ ልጅ ሲገለበጥ ያው ተገልብጠው ይቀራሉ። ላይፍ ጃኬት ሲገዙ ከውስጥ በኩል የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ያጸደቀው መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍና የክብደት መጠን መኖሩን ይመልከቱ። ካለበሱት በኋላ በሁለቱ ትከሻ በኩል ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ አገጩንና ጆሮውን አልፎ የሚወጣ ከሆነ ሰፍቶታል። «ለሚቀጥለው ዓመትም ይሆነዋል» ተብሎ የሚገዛ ነገር አይደለም።

አዞ አለ ወይ?

ይህ የሁሉም ጥያቄ ነው፣ መልሱም አዎ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ጨው አልባ ውኃ ባለበት ሁሉ አሊጌተር ይኖራል ብሎ ማሰብ ነው። ነገር ግን ይህ የጫሞ አዞ አይደለም፤ የአሜሪካው አሊጌተር ከናይል አዞ ይልቅ ሰውን ይሸሻል፣ ሰው የሚንጫጫበትን የጠራ ውኃም አይወድም። በመዋኛው ክልል ከታየ ሠራተኞቹ ሰውን አስወጥተው ዋናውን ይዘጋሉ። አደጋ የሚፈጠረው በአብዛኛው ከክልሉ ውጭ፣ ሣርና ቄጠማ በበዛበት ዳርቻ፣ በተለይ ከምሽት እስከ ንጋት ሲገቡ ነው። የመዋኛውን ክልል ከሚለየው ገመድ አለማለፍ፣ ትንሽ ልጅ ወንዝ ዳር ብቻውን አለመተው፣ እንጀራም ሆነ ሥጋ አለመወርወር። አሊጌተር መመገብ በፍሎሪዳ ሕግ ያስቀጣል፤ ምክንያቱም አንዴ ከሰው እጅ የበላ ሰውን መፍራት ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ መጨረሻው መገደል ነው።

ከአዞው ይልቅ ቀናችሁን የሚያበላሸው መብረቅ ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነጎድጓድ ይሰማል፣ ሁሉም ከውኃ ውጡ ይባላል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል፤ በ29ኛው ደቂቃ እንደገና ካጉረመረመ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። እንዲህ እያለ ምሽት ሊሆን ይችላል። በበጋ የዋናውን ሰዓት ከ8 እስከ 1 አድርጎ ማሰብ፣ ምግቡን ከዚያ በኋላ ማድረግ ነው። «መጀመሪያ እንብላ» የሚል ቤተሰብ ዋናውን ለዝናቡ ይሰጠዋል።

ስለ መጠጣት

አረጋውያን ወላጆች ከመሬት የሚፈልቅ ጥርት ያለ ውኃ ሲያዩ እጃቸው ወደ አፋቸው ይሄዳል፣ አንዳንዱም ጀሪካን ይጠይቃል። ምንጭ በእኛ ዘንድ ጠበልም ነውና አያስገርምም። ግን አይጠጣም። መጥራቱ ንጹሕ መሆኑን አያሳይም። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይዋኛል፣ በላዩ ላይ ካሉት ሰፈሮች የሣር ማዳበሪያና የመጸዳጃ ጉድጓድ ፍሳሽ በአሸዋው አልፎ ይደርሰዋል። የፍሎሪዳ ምንጮች ናይትሬት ከ0.35 ሚሊግራም በሊትር እንዳይበልጥ መስፈርት ተቀምጧል፤ ዌኪዋ ከዚያ በላይ ነው። ያ መጠን ከመጠጥ ውኃ ገደቡ ከ10 ሚሊግራም በብዙ ያነሰ ስለሆነ ሰውን አይመርዝም፤ ድንጋዩን የሸፈነውን አልጌ የሚቀልበው ግን እሱ ነው። የሚጠጣ ውኃ ከቤት በኩለር ይያዝ፤ በሙቀት ቀን ለአንድ ሰው ከ2 ሊትር ባይቀንስ ይሻላል፣ ውኃ ውስጥ የዋለ ሰው መጠማቱን አያውቀውም። የፀሐይ ቅባቱንም ከመግባት 20 ደቂቃ አስቀድሞ መቀባት ነው፤ ተቀብቶ ወዲያው የሚገባ ሰው ቅባቱን የሚተወው በውኃው ፊት ላይ ነው።

ምግብና ቡና

ፓርኩ ጠረጴዛዎችና የብረት ግሪሎች አሉት። ከሰሉን፣ ክብሪቱን፣ መፋቂያውን ይዘው የሚመጡት እርስዎ ነዎት። የቡና ከሰልም መሬት ላይ ሳይሆን እዚያው ግሪል ላይ ነው የሚቀጣጠለው። ጀበና በግሪሉ ሽቦ ላይ አይቆምም፣ ይንገዳገዳል፤ ከቤት ትንሽ የብረት ክብ ማስቀመጫ ይዞ መጥቶ በላዩ ማስቀመጥ ነው። ቡናውን ቤት ቆልቶና ፈጭቶ መምጣት ይሻላል፤ እዚያ መቁላት ጭሱ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል፣ ነፋስ ባለበትም ሳይበስል ያርራል። ሲኒው የሸክላ ከሆነ ውኃው አጠገብ አያምጡት፤ በባዶ እግር የሚሄድ ልጅ ብዙ ነው። ጠርሙስና የአልኮል መጠጥም ከምንጩ ዳር ይራቅ። አመዱ ዛፍ ሥር አይደፋም፤ ግሪሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ይተዋል።

ወጡን ከአንድ ቀን በፊት ሠርቶ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ማቀዝቀዝ፣ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ብልኃት ነው። ጠዋት እንደ ድንጋይ ሆኖ ኩለር ውስጥ ሲገባ ለሌላው ምግብ በረዶ ሆኖ ያገለግላል፤ ሰዓቱ ሲደርስ በድስት ግሪል ላይ ይሞቃል። እንጀራው ለብቻው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የሚበላው ብቻ እየወጣ፤ በነፋስ ላይ የተዘረጋ እንጀራ በአሥር ደቂቃ ጠርዙ ይደርቃል። ክትፎ ለዚህ ቀን አይሆንም። ሥጋም ሆነ እንቁላል፣ ከበረዶ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ አየሩ ከ90 ዲግሪ ፋራናይት ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ አይበላም። በፍልሰታ የሚሄድ ሰው ከሥጋው ስጋት ያርፋል፤ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ምስር ወጡ ግን ከበሰለ በኋላ ያው የሰዓት ደንብ አለበት። እሱም ሙቀት ላይ አይውልም።

ራኩን የሚባለው ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል እንስሳ ኩለር መክፈት ይችላል፣ ሰው እያየውም ይከፍታል። በአካባቢው ጥቁር ድብም አለ። ሁሉም ሰው ወደ ውኃ ሲወርድ ምግቡ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይቆይ። ቆሻሻውም እንዲሁ፤ የዶሮ አጥንት በከረጢት ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ለራኩን ግብዣ ነው።

ካኑ

ከምንጩ የሚወጣው ጅረት ከሌላ ጅረት ጋር ተገናኝቶ ዌኪቫ ወንዝ ይሆናል፤ ወንዙ በ2000 በፌዴራል ሕግ ከተጠበቁት የዱር ወንዞች አንዱ ሆኗል። ካኑና ካያክ ፓርኩ ውስጥ ይከራያል፤ ቅዳሜ ቀድሞ ያልቃል። እዚህ ሰው የሚስተው ስሌቱን ነው፦ ሲሄዱ ውኃው ይገፋዎታል፣ ሲመለሱ ይገፋብዎታል። በአንድ ሰዓት ቁልቁል የሄዱትን ሁለት ሰዓት ሊመለሱት ይችላሉ። ለሦስት ሰዓት ከተከራዩ ልክ አንድ ሰዓት ሲሞላ፣ ምንም ያህል ደስ ቢልዎት፣ መዞር ነው። በፍሎሪዳ ሕግ ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በትንሽ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ብቻ ነው የሚጓዘው፤ ለትልልቆቹም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መኖር አለበት። የመኪና ቁልፍን የሚያስታውሰው የለም። አሁን ያሉት ቁልፎች ውስጣቸው ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ውኃ ገባቸው ማለት ፓርኩ ሲዘጋ ከነቤተሰብ በር ላይ መቅረት ነው። አፉ የሚጠቀለል የውኃ ከረጢት ገዝቶ ቁልፍና ስልክ እሱ ውስጥ ከትቶ ከካኑው ጋር ማሰር ነው።

ዌኪዋ ከሞላ

ቅርቡ ኬሊ ፓርክ ነው፤ ሮክ ስፕሪንግስ የሚባለው ምንጭ እዚያ አለ፣ ውኃው 68 ዲግሪ ፋራናይት ስለሆነ ከዌኪዋ ይቀዘቅዛል። ሰው በጎማ ላይ ተቀምጦ ከጅረቱ ጋር ይፈስሳል፤ ጎማውን ሳይገቡ በፊት ይግዙ። ግን እሱም እንደ ዌኪዋ ቀድሞ ይሞላል፣ «ሁለተኛ አማራጭ» ማለት ይከብደኛል። ከዚያ ይልቅ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ያለው ዴ ሊዮን ስፕሪንግስ ለቤተሰብ ይመቻል። እዚያ ባለው ቁርስ ቤት ጠረጴዛው መሀል ላይ ምጣድ አለ፣ ልጆች ፓንኬካቸውን ራሳቸው ይጋግራሉ፤ ምጣድ ያየች አያት ካለች ሥራውን ትቀማቸዋለች። ሲልቨር ስፕሪንግስ ደግሞ ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ የሚጎበኝ ነው፣ አይዋኝበትም፤ ዋና የማይወዱ ትልልቅ ሰዎች ላሉበት ጉዞ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። በዚያ ጫካ ጦጣዎች አሉ፣ ሰው ያመጣቸው እንጂ የአገሩ አይደሉም፤ ለሰው አደገኛ የሆነ ቫይረስ ስለሚሸከሙ መቅረብም መመገብም አይገባም።

ክረምት ላይ ለሚመጣ ሰው ኦሬንጅ ሲቲ ያለው ብሉ ስፕሪንግ ነው። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ገደማ ዋና ይዘጋል፤ ምንጩ ያን ጊዜ የማናቲዎች ነው። ማናቲ በሺህ ፓውንድ የሚመዘን፣ ሣር የሚበላ፣ ቀርፋፋ የውኃ እንስሳ ነው፤ ውኃው ከ68 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ስለሚታመም ከሴንት ጆንስ ወንዝ ወጥቶ 72 ዲግሪው ምንጭ ውስጥ ይጠለላል። በጃንዋሪ 2024 በአንድ ቀን 932 ተቆጥረዋል። ስለዚህ እዚያ ለመሄድ ሞቅ ያለ ቀን አይጠበቅም፤ የአየር ትንበያው «ነገ በጣም ይበርዳል» ሲል ነው የሚኬደው፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲወጣ ግማሾቹ ወደ ወንዙ ተመልሰው ይሄዳሉ። ከጠዋቱ 8 ሰዓት በር ላይ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ቡናውን በፔርሙዝ ይዞ፣ ከእንጨት በተሠራው መተላለፊያ ላይ ወደ ምንጩ ራስ መሄድ ነው። መንካትም፣ ውኃ መርጨትም፣ ቅጠል መወርወርም በፌዴራል ሕግ ያስቀጣልና የልጆቹን እጅ መያዝ ነው።